ጀርባቸውን ሰጥተው የሚለኩ ሴት

እትዬ ዘይነባ መሞታቸውን የሰማሁት ኦሎምፒያ አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ ነው። ከቢሮ ወጥቼ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ሳለ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከኋላ ትከሻዬን ያዘችኝ። ዞር ስል ብዙነሽ ናት። ድሮ እሠራበት በነበረው የሸሚዝ ፋብሪካ ኮሌታ ትሰፋ የነበረች፣ አፏ ከእጇ የማይዘገይ ሴት። ከዓመታት በኋላ መገናኘታችን ስለሆነ ስቃ ትስመኛለች ብዬ ስጠብቅ ፊቴን አየችኝ።

«አልሰማሽም ማለት ነው» አለች።

«ምኑን?»

«እትዬ ዘይነባ እኮ አረፉ። ከለቅሷቸው ነው የምመጣው።»

የትኛዋ ዘይነባ ብዬ ጠየቅኳት። ሌላ ዘይነባ አላውቅም። ለምን እንደጠየቅኩ እስካሁን አይገባኝም። ብዙነሽ ክንዴን ይዛ ከሰዉ መሃል አውጥታ አንድ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ አቆመችኝ። ታመው አልተኙም አለች። ጠዋት ለሶላት እንደተነሱ ወድቀው ተገኙ፤ ልባቸው ነው ተባለ፤ እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት በዚያው ቀን ተቀበሩ። እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ እሳቸው አፈር ገብተዋል።

ስለ ሞተ ሰው ሲወራ ደግ ነበሩ ተብሎ ይጀመራል። እኔ ግን እትዬ ዘይነባ ትዝ ሲሉኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ድንጋጤ ነው። ካወቅኳቸው ቀን ጀምሮ ሲያስደነግጡኝ ኖረው፣ በሞታቸውም አስደነገጡኝ።

ፋብሪካው ከገርጂ አለፍ ብሎ፣ ያኔ ገና ሜዳ በነበረው የከተማው ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ነበር። ሸሚዝ ሰፍቶ ወደ ውጭ አገር ይልካል። ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ከዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ እዚያ የጥናትና ኖርም ክፍል ተቀጠርኩ። የክፍሉ ሥራ ኖርሙን፣ ማለትም አንዲት ሰፊ በቀን ምን ያህል ልትሠራ እንደሚገባት መወሰን፣ ከዚያም ፋብሪካው በሰው ጉልበት ምን ያህል እንዳመረተ አስልቶ ለሥራ አስኪያጁና ለቦርዱ ማቅረብ ነው። ኃላፊዋ እትዬ ዘይነባ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ። የልብስ ስፌት ቴክኖሎጂ የተማሩት ምሥራቅ ጀርመን ነው። ባላቸው በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ ብዙውን ጊዜ ቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ «እትዬ» ይሏቸዋል።

በመጀመሪያው ቀን የትምህርት ማስረጃዬን አገላብጠው አዩና ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ ሸሚዝ ሰፍቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ።

«ታዲያ ምኑን ልትለኪ ነው የመጣሽው?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው፣ ክንዴን ይዘው ወደ ስፌት አዳራሹ አስገቡኝና ሦስተኛው መስመር ላይ ከብዙነሽ ጎን የስፌት መኪና ላይ አስቀመጡኝ። ኮሌታ ልሰፋ። ባለ ዲግሪ ነኝ ብዬ አዲስ ጫማ አድርጌ የመጣሁ ልጅ፣ የዚያን ዕለት ከሰዓት ጣቴ በመርፌ ተወግቶ በጨርቅ ታስሯል። ያን ያህል ሴት እያየኝ እንባዬን መዋጥ ነበረብኝ። ብዙነሽ የሰፋሁትን አንስታ በብርሃን አየችውና ለመስመሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ተማሪዋ፣ ኮሌታ ነበር የጠየቅንሽ፤ የፍየል ጆሮ አመጣሽልን» አለች። ከዚያ በኋላ ስሜ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተማሪዋ ሆኖ ቀረ።

ወደ ቢሮ የመለሱኝ አንገት ላይ የሚቀመጥ ኮሌታ መስፋት ስችል ነው። እኔ አንዱን እስክጨርስ ብዙነሽ ክምር ታነሳ ነበር።

መለካት ያስተማሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ስቶፕዋች ይዘው ሰፊዋ ፊት ይቆሙ ነበር። እትዬ ዘይነባ እንደነገሩኝ፣ እሳቸው በተማሩበት አገር ስቶፕዋች የያዘ ሰው ሲመጣ ሠራተኛው ሆን ብሎ እጁን ያዘገያል፤ ኖርሙ ዝቅ እንዲልለት። የእኛ ሴቶች ግን ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ትልቅ ሰው አጠገባቸው ከቆመ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ቆሞ እንዳይደክመው፣ በእነሱ ምክንያት እንዳያፍር ብለው ይፈጥናሉ። እንግዳ ቤት ሲመጣ ያለውን ሁሉ እንደማቅረብ ነው። ኖርሙም የሚወጣው በዚያ ፍጥነት ይሆናል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ያንን ማድረስ ሲያቅታቸው ሰነፍ ይባላሉ፣ ደመወዛቸው ይቆረጣል።

ስለዚህ እትዬ ዘይነባ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚለኩት። አጭር በርጩማ ይዘው ይገቡና ከመስመሩ አጠገብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ይቀመጣሉ። የተበላሸ የሸሚዝ ቁልፍ ለቀማ የያዙ ይመስላሉ። ስቶፕዋቹ ጉያቸው ውስጥ ነው፤ የሚሠራው ጆሯቸው ነው። መኪናው ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እግር ይነሳል፣ ጨርቅ ይዞራል፣ እንደገና ይሮጣል። ለእኔ መጀመሪያ ሁሉም አንድ ጫጫታ ነበር። እሳቸው ግን ሳይዞሩ፣ አሁን ብዙነሽ ክር ተበጠሰባት፣ አሁን የዳር መኪናዋ ልጅ ጨርቅ ጠፍቷት ተቀምጣለች ይሉኛል። ዞር ብዬ ሳይ እውነት ነው። ቀስ በቀስ የእኔም ጆሮ መለየት ጀመረ። ሰው ሲታይ የሚሠራውንና ሳይታይ የሚሠራውን አትቀላቅዪ፣ ይሉኝ ነበር፤ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው።

በገባሁ ሰሞን ብር ከዶላር ጋር የሚመነዘርበት ዋጋ ተቀየረ። በአንድ ጀንበር ዶላር ከእጥፍ በላይ ብር ማምጣት ጀመረ። ሸሚዞቻችን የሚሸጡት በዶላር ስለነበረ ፋብሪካው የሚያገኘው ብር አበጠ። በዓመቱ መጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ በፋብሪካው ክበብ ሰበሰቡ፤ ለስላሳና ኬክ ተደረደረ። የሽያጩን ብር ለሠራተኛው ቁጥር አካፍለው የሠራተኛው ምርታማነት ከእጥፍ በላይ አድጓል ብለው አበሰሩ። ቦነስም እንዳለ ተናገሩ። እልልታው ጣሪያውን ያነሳው መሰለኝ። ከዚያ ይህን ያጠናው ክፍል ኃላፊ አንድ ነገር ይበሉ ብለው እትዬ ዘይነባን ጋበዟቸው።

«ዘንድሮ የሰፋነው የአምናውን ያህል ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ያንሳል» አሉ። «እጃችን አልፈጠነም። የተቀየረው ምንዛሪው ነው። ቦነሱን ተቀበሉ፣ ለፍታችሁበታል። ምርታማነት ብላችሁ ግን አትቀበሉት። ዛሬ በዚህ መለኪያ ያመሰገኑን ነገ በዚሁ ይሰድቡናል።»

ተቀመጡ። ከጎናቸው ስለተቀመጥኩ አብሬ የተናገርኩ ይመስል ፊቴ ጋለ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ምንም ስብሰባውን ዘጉት። ቦነሱ በኋላ ሲሰጥ ከተጠበቀው ያነሰ ነበር፤ ቦርዱ ሐሳቡን የለወጠው በእሳቸው ንግግር ነው ተብሎ ተወራ። ወደ ቤት በሚወስደን ሰርቪስ ውስጥ ማንም አጠገባቸው አልተቀመጠም። ብዙነሽ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና፣ ሲመርቁን አሜን ማለት የሚከብዳቸው ሴት ናቸው፤ ሂሳብ ማስተማር ካማራቸው ለምን በራሳቸው ኪስ አያስተምሩም ትላለች። አውቶቡሱ ሙሉ ይስቃል። እሳቸው በመስኮት ያያሉ። እኔ ጥፍሬን እያየሁ መገናኛ ደረስን። በማግስቱ በርጩማቸውን ይዘው ገብተው ሦስተኛው መስመር ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሴቶቹ ሰላም አላሏቸውም። እሳቸው መለካታቸውን ቀጠሉ።

ይሰድቡናል ያሉት ቀን የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሦስተኛው መስመር የሚሰፋው እጀ ጉርድ የሥራ ሸሚዝ ነበር። ገዢው አገር ውስጥ ርካሽ ሸሚዝ ከሌላ ቦታ እንደ ጎርፍ ገባና የእኛ ዋጋ ተንዶ ወደቀ። አንደኛው መስመር የሚሰፋው ባለ ሙሉ እጅጌ ሸሚዝ ግን ሌላ ገዢ ስለነበረው ዋጋው ብዙም አልተነካም። ሦስተኛው መስመር በዚያ ዓመት ከምንጊዜውም የበለጠ ሸሚዝ ሰፍቷል። በቀን የሚወጣውን እኔው ራሴ ቆጥሬዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ግን የለመዱትን ስሌት ሠሩ፤ የሽያጩን ብር ለሰፊዎቹ ቁጥር አካፈሉ። ሦስተኛው መስመር ከሁሉም በታች ሆነ። የመስመሩ ምርታማነት ስለወደቀ መስመሩ ይዘጋ፣ ሠራተኞቹም ይሰናበቱ የሚል ሐሳብ ለቦርዱ ተዘጋጀ። የእኛ ክፍል አረጋግጦ እንዲፈርምበት ታዘዘ።

ወሬው ከወረቀቱ ቀድሞ አዳራሹ ደረሰ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያሉት አብዛኞቹ ገርጂና ኮተቤ አንዲት ክፍል ተከራይተው ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። የብዙነሽ ትንሹ ልጅ አስም ነበረበት። ሴቶቹ ሰነፋችሁ መባላቸው ከመባረሩ የበለጠ አቃጠላቸው። አንድ ቀን ብዙነሽ ቢሯችን ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ያን ሁሉ የሰርቪስ ሳቅ ያሳቀችው ሴት ደጃፉን አላለፈችም። እትዬ ዘይነባ ቀና ብለው አዩዋት።

«መስመርሽን ጆሮ ሰጥቼ ስሰማ ነው የኖርኩት» አሏት። «ሰነፍ አልሰማሁም። ሂጂ፣ ሥሪ።»

ለቦርዱ ስብሰባ ይዘነው የሄድነውን ሠንጠረዥ ታይፕ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘይነባ ሲያስጽፉኝ አንድ ነገር አደረጉ፤ የሁለቱን መስመሮች የሸሚዝ ቁጥር እንዳለ ትተው ዋጋውን ብቻ አቀያየሩት። ልክ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ጻፊ አሉኝ። ስብሰባው ላይ ወረቀቱ ታደለ። የቦርዱ ሰብሳቢ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተወከሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሠንጠረዡን አይተው ግራ ተጋቡ። እዚህ ላይ እኮ ሦስተኛው መስመር ከሁሉ በላይ ነው፤ በታች የሆነው አንደኛው መስመር ነው፤ ታዲያ መሰናበት ያለበት አንደኛው ነው ማለት ነው ወይ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ።

«ሰዎቹን አልነካኋቸውም፤ በየመኪናቸው ላይ ናቸው» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ያቀያየርኩት ዋጋውን ነው። ዋጋውን የሚወስነው ደግሞ መስመራችንን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። በዚህ ልኬት ሰነፍና ጎበዝ የሚለየው እሱ ነው።»

ቦርድ ላይ ቀለዱ ተብለው እዚያው የሚባረሩ መሰለኝ። ሰብሳቢው ግን ወረቀቱን አስቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ገብቶኛል» አሉ። «ጥፋቱ የሴቶቹ አይደለም። ግን እትዬ፣ ዋጋው ወርዷል። የእርስዎ ሂሳብ ትክክል ስለሆነ ገዢው አይጨምርልንም። ለደመወዝ የሚወጣውን መቀነስ አለብን። በእኛ መለኪያ አይሁን፤ በእርስዎ መለኪያ ማን ይውጣ?»

ይህን አልጠበቅኩም። እሳቸውም አልጠበቁም ይመስለኛል፤ ስቶፕዋቹን ጉያቸው ውስጥ ሲይዙት አየሁ። እምቢ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጊዜ ይሰጠኝ አሉ።

ከስብሰባው ስንወጣ ለምን እሺ እንዳሉ መጠየቅ አልደፈርኩም። እሳቸው ራሳቸው ደረጃው ላይ ቆመው ነገሩኝ፤ እምቢ ካሉ ቦርዱ ወደ ዋጋው ስሌት ይመለሳል፤ የሚወጣውም ሦስተኛው መስመር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ፋብሪካውን በሙሉ ዞሩ። አዳራሹን ብቻ አይደለም፤ መቁረጫውን፣ መጋዘኑን፣ ቢሮዎቹን ሁሉ። የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይህ ሰው በቀረ ቀን ከሸሚዙ ቁጥር የሚጎድል አለ ወይ? የቀሩበትንና የታመሙበትን ቀን ከዕለቱ ምርት ጋር ያስተያያሉ። ሦስተኛው መስመር የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠ ጨርቅ ሳይደርሰው፣ ጨርቁም የሚቆመው ከቢሮ ቢሮ ፊርማ ሲዞርበት መሆኑን አገኙ። እኔ የጠየቁኝን ሁሉ ደምሬ፣ አካፍዬ አቀርብላቸው ነበር። የምረዳቸው ሴቶቹን ለማዳን ስለሆነ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስመለስ ወንበራቸውን አዙረውት አገኘሁ። ፊታቸው ወደ መስኮቱ፣ ጀርባቸው ወደ እኔ ጠረጴዛ። ብርሃን ፈልገው ነው ብዬ ካልኩሌተሬን መንካት ቀጠልኩ። እስከ ማታ አልዞሩም። ያኔ ገባኝና ጣቴ ቆመ። ከዚያ ደግሞ መቆሙን እንደሚሰሙ ትዝ አለኝና እንደገና መምታት ጀመርኩ።

በማግስቱ በሩን ዘግተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሊዲያ፣ ነገ በክበቡ የሚወጡትን ስም የማነበው እኔ ነኝ። ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም ብያለሁ። የአንቺም አለበት።»

ካልኩሌተሬን ዘጋሁ።

«ለእህትሽ ሠርግ ሳምንት ስትቀሪ አንድ ሸሚዝ አልጎደለም» አሉ። «ብዙነሽ ልጇን ሐኪም ቤት የወሰደች ቀን መስመሩ እስከ ምሳ አልተነሳም። የአንቺን ሥራ ከራሴ ጋር ደርቤ እሠራዋለሁ። የብዙነሽን ሥራ ግን አንቺ ልትሠሪው አትችዪም።»

ከሁሉ የሚያስደነግጠው እውነታቸውን መሆኑን ማወቄ ነበር። ያን መኪና ላይ ተቀምጬበታለሁ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ቢያንስ እጣላ ነበር።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ስለዚህ ነው ዛሬ የምነግርሽ።»

በማግስቱ ክበቡ አልሄድኩም። ቢሮ ሆኜ መሳቢያዬን አጸዳሁ። ከቢሮዎቹና ከመጋዘኑ የወጡት ብዙ ነበሩ፤ ምን እንደሚሠራ ማንም የማያውቀው የሥራ አስኪያጁ የአክስት ልጅም ወጥቷል። ከሦስተኛው መስመር አንድም ሴት አልተነካችም። ከእኛ ክፍል እኔ። በፋብሪካው፣ እንደ ልጅ ያሳደገቻትን ሸጠቻት ተባለባቸው፤ አንቱታውም ቀርቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት እቤታችን መጡ። አስቀድመው አልነገሩኝም። አባቴ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሳሎን ተቀምጦ ሲያነብ በሩን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ነጭ ሻሽ አስረዋል። ገብተው እጅ ነስተው ሳይቀመጡ ለአባቴ ተናገሩ።

«ልጅዎን ከሥራ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ከወሬ ሳይሰሙ ብዬ መጣሁ። ጥፋት የለባትም፤ ሥራዋ ንጹሕ ነው።»

አባቴ የሚያነበውን አጠፈ። እናቴ ግን ከጓዳ ሰምታ ወጣች።

«ንጹሕ ከሆነ ለምን አስወጧት?»

«ሸሚዙ ዋጋው ወደቀ።»

«ዋጋውን የጣለችው እሷ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ?»

«እነዚያ ሰፊዎቹም አይደሉም» አሉ እትዬ ዘይነባ።

እናቴ ወደ ጓዳ ተመለሰች። የተናደደች ጊዜ የምታደርገውን አደረገች፤ ሻይ አፈላች። ስታቀርብላቸው ሮመዳን ስለሆነ እየጾሙ መሆኑን ነገሯት። እናቴ ብርጭቆውን ይዛ ቆመች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችና በኮስታራ ድምፅ የሚፈቱት ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ከነገሯት በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የወሎ ሰው ከሆነው ባለሱቅ ቴምር ገዝታ ተመለሰች። እስኪመሽ አራታችን ሳሎን ተቀመጥን፤ አባቴ አልፎ አልፎ ስለ አሰብ መንገድ ይጠይቃቸዋል። ሰዓቱ ሲደርስ ቴምሩን በሉ፣ ሻዩን ጠጡ፣ ተነሱ። እናቴ እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

«እስካሁን አልወደድኩዎትም» አለቻቸው።

«ግድ የለም» አሉ። «ቴምሩ ጥሩ ነው፤ የት ነው የገዙት?»

ከጥቂት ወራት በኋላ ኦሎምፒያ አንድ ቢሮ ሥራ አገኘሁ። ከፋብሪካው ሰዎች ጋር ተራራቅኩ። እሳቸውን ግን በቅርቡ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አካባቢ፣ ዘንቢል ይዘው ሲሄዱ አግኝቻቸው ነበር። ዘንቢላቸውን ተቀብዬ እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። ፋብሪካው እንዴት ነው ስላቸው፣ ሸሚዙ ይሰፋል፣ አልሐምዱሊላህ አሉኝ። ሌላ አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት እዚያ የተዘጋው ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነው። ብዙነሽ አይኗን ጠርጋ ስለ ራሷ ነገረችኝ። አሁንም እዚያው ፋብሪካ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ኮሌታ ትሰፋለች። ልጇ አድጎ ትምህርት ቤት ገብቷል። እንግዲህ ያለ እሳቸው ፋብሪካው ምን ይሆናል፣ ማን ይለካል አልኳት።

ብዙነሽ ግራ በመጋባት አየችኝ።

«ማን ይለካል? እሳቸው ከወጡ እኮ ስንት ጊዜያቸው።»

«ከየት ወጡ?»

«ከፋብሪካው ነዋ። አንቺ በሄድሽ በዓመቱ ዋጋው ደግሞ ወረደ። ቦርዱ ደግሞ ስም ይስጡን አላቸው። ክበቡ ሰበሰቡንና አንድ ስም ብቻ ጠሩ። የራሳቸውን።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ ይሆናል፤ አጠገባችን የቆሙ ሰዎች ዞር አሉ። እኔ ስወጣ በክፍሉ የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በእሳቸው መለኪያ ከእኔ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ለመገመት መደመርና ማካፈል አያስፈልግም ነበር። ካልኩሌተር ይዤ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ አልታየኝም። ስሜን ያነበቡ ቀን እሳቸው ያውቁት ነበር።

«ምን ብለው?» አልኳት።

«ኖርሙ ወጥቶላችኋል፣ መስመሩ ደህና ነው፣ እኔ ባልኖር የሚጎድል ሸሚዝ የለም አሉ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እኛ ስናለቅስ እሳቸው ቁልፍ ያስረክባሉ።» ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ያንቺን የጠሩ ቀን ግን እንደሱ አልነበረም። አንቺ አልነበርሽም እንጂ። የሌሎቹን ስም ሁሉ አንብበው ያንቺ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ውሃ አምጡልኝ አሉ። አንዷ ሮጣ አመጣች። ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ካስጠጉ በኋላ ነው ጾም ላይ መሆናቸው ትዝ ያላቸው። አልጠጡትም፣ አላስቀመጡትም። ብርጭቆውን እንደያዙ ነው ስምሽን የጠሩት። ውሃው እጃቸው ላይ ይፈስ ነበር።»

የእኔ ታክሲ መጥቶ ረዳቱ ሰፈሬን ሦስት ጊዜ ጠራ። አልገባሁም።

«ለቅሶው ቤት አሁን ሰው አለ?» አልኳት።

«አለ። እስከ ማታ ይቀመጣሉ።»

«ቤታቸውን አላውቀውም።»

ብዙነሽ ገና ከዚያ መምጣቷ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ትገባለች። መንገዱን ቀድማኝ ተሻገረች፤ ወደ መጣችበት የሚመልሰውን የገርጂ ታክሲ አስቁማ በሩን ይዛ ጠበቀችኝ።